ለብ ያለ ውሃ

ሐሙስ፣ የካቲት 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፤ ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ

ስለ እግርህ ጻፍ ተባልኩ። ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሮ ቢጽፍ ስለ ሀገሩ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ነፍሱ ነው የሚጽፈው። እኔ ታዴዎስ ስለ እግሬ ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ጉድ ነው!

የፍቅረኞች ቀን ግርግር አለፈልንና ከስምንት ወር በኋላ ዛሬ የስኳር ክሊኒኬ ብቅ አልኩ። ነርሷ ሲስተር ንጄሪ የቀጠሮ ካርዴን ስታይ ነው የተቆጣችው። ጫማና ካልሲ አስወለቀችኝ፣ ዓይንህን ጨፍን አለችኝና በቀጭን የናይለን ክር፣ ውስጥ እግሬን እየነካካች "ሲሰማህ አዎ በል" አለች። ቀኙን ነካች፣ አዎ አልኩ። ደገመች፣ አዎ አልኩ። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲበዛብኝ "ጨረስሽ እንዴ?" አልኳት።

"ግራህን ስድስት ጊዜ ነካሁት" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ለእሷ ግን ሳቅኩላት፤ ቆዳዬ ወፍራም ነው አልኳት። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ሕጉ ወረደ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ። ሻይ ያለ ስኳር። ጠዋት ጠዋት ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ በጣቶች መሃል በደንብ ማድረቅ፣ ያዩትን መጻፍ። ደብተሩንም ራሷ ሰጠችኝ። ለእሷ በእንግሊዝኛ ሁለት ሁለት ቃል እጽፍላታለሁ። ይሄ የአማርኛው የራሴ ነው፤ እንደ ልቤ ልነጫነጭበት።

ደግሞ እኔን ስለ ምርመራ ልታስተምረኝ! የካርጎ መጋዘን የአበባ ክፍል ኃላፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአሥር ካርቶን አንዱን ከፍቼ፣ የቴርሞሜትሩን መርፌ እመሃሉ ሰክቼ፣ ቅጠሉን ገልብጬ በባትሪ እያየሁ ነው አበባ ወደ አውሮፕላን የማሳልፈው። አንድ ጊዜ የሞቀ ጽጌረዳ መልኩ አይለወጥም። ሰው እጅ ገብቶ፣ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው አንገቱን የሚደፋው። ለሠራተኞቼ ሁሌ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ እጃችሁን አትመኑ፣ መርፌውን እመኑ።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ያለን መስታወት የባለቤቴ የእህተማርያም የእጅ መስታወት ነው። እሷ እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ልታስታምም ደሴ ከሄደች ሁለተኛ ወሯ። ከንፈሯን የምታይበትን መስታወት ተረከዜ ሥር ሳስገባው ብታየኝ ኖሮ!

በርጩማ ላይ ተቀምጬ እግሬን ጉልበቴ ላይ ሰቅዬ አየሁት። ውስጥ እግሬን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ትንሿ ጣቴ ከጎረቤቷ ሥር ተወሽቃ ታሳዝናለች፣ ማን እንደረሳት እንጃ።

ልጄ ሐሊና በበሩ ስታልፍ ቆመች። "አባዬ፣ ምን እያረክ ነው?"

"ስፖርት።"

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሄደች ወዲህ በእኔና በእሷ መሃል ያለው ወሬ "በላሽ?" "በላሁ" ብቻ ነው።

ማምሻውን ግማሽ ሰዓት ተራመድኩ። ሰዓቴን አሥር ጊዜ አየሁ።

እሑድ፣ የካቲት 19። ቅበላ

ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

እህተማርያም ከደሴ ደወለች። እኔን ስለ ጤናዬ ሁለት ቃል ጠይቃ "ስልኩን ለልጅቷ ስጣት" አለች። ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ለካ ስለ እግሬ ነው። እህተማርያም በየዓመቱ የቅበላ ምሽት እግሬን ታጥበኛለች። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ "ጾሙን በታጠበ እግር ግባበት" ትላለች። ሐሊና ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ልክ እንደ እናቷ።

"ማሚ እንደዚህ ነው ያለችኝ። ካልሆነ ሶሪ" አለችና ተንበረከከች።

ግራዬን ነከርኩ። አፈሰሰች። "ይሞቃል?"

"ኧረ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨምሪ!"

ጨመረች። "አሁንስ?"

"ጨምሪበት እንጂ፣ እናትሽ እንዲህ አትሰስትም።"

ከማንቆርቆሪያው ደህና አድርጋ ለቀቀችው። ልታሸኝ እጇን ስትሰድ "ዋይ!" ብላ መንጭቃ አወጣችው። ሳቅኩባት። "የናይሮቢ ልጅ! እጅሽ ገና ጥሬ ነው" አልኳት። ቀኜን ላስገባ ስሞክር ፈጀኝና ቀስ ብዬ አወጣሁት። "ይሄኛው ተራውን ይጠብቅ" ብዬ ቀለድኩ። ግራዬ ግን ተመችቶት ተቀመጠ።

ውሃው እስኪበርድ ብላ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ስለ ትምህርት ቤት ጠየቅኳት። ማውራት ጀመረች! ስለ ፊዚክስ መምህሯ፣ ማታቱ ውስጥ ስለሚያስቸግሯት ወያላዎች፣ አያቷ እንዳይሞቱ ስለምትፈራው ነገር። ወሬዋ እንዳያልቅብኝ እግሬን አላንቀሳቀስኩም። ሩብ ሰዓት ያህል ሳንቆይ አልቀረንም። በኋላ ሁለቱንም በሳሙና አጠበችኝ፣ አደረቀችኝ፣ ጉልበቴን ሳመችኝ። "እደጊልኝ፣ ክፉ አይንካሽ" አልኳት።

ሲስተር ንጄሪ ጤና ትላለች። ጤና እንዲህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 20

ሁዳዴ ገባ። ስኳር ስላለብኝ የንስሐ አባቴ ጠዋት ቅመስ ብለው ፈቅደውልኛል። መስታወቱን ዘለልኩት፤ ትናንት የታጠበ እግር ምኑ ይታያል? አርባ ደቂቃ ተራመድኩ። ሰዓቴን አንዴም አላየሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 22

ጠዋት ካልሲዬ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ውሃ የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። ሳወልቀው ቆዳ ይዞ መጣ። የግራ እግሬ ላዩ ቀልቷል፣ ጣቶቼ ውሃ ቋጥረዋል፣ የትንሿ ፈንድቷል። አያመኝም።

የሥራ ጫማዬ ነው። አፍንጫው ብረት ነው፣ ምን ይጠበቃል።

አያመኝም፣ ስለዚህ ቀላል ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 24

ኢስትሊ ሰፈር፣ ኑሬ ዘንድ ሄድኩ። ጫማ ቤት አለው፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ሰፊ ጫማ ስጠኝ አልኩት። ሳያየኝ አይሸጥልኝም፣ ልማዱ ነው። ካልሲዬን አስወልቆ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን ነካህ?"

"ጫማ ነው።"

"ጫማ የራሱ ሥራ አለው፣ ታዴ። ጎን ይልጣል፣ ተረከዝ ይልጣል። ይሄ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጣት መሃልም ነው። ደግሞ እየው፣ ቁርጭምጭሚትህ ጋ እንደ ካልሲ አፍ ዙሪያውን መስመር ሠርቷል። ይሄ እሳት ነው፣ አለዚያ ውሃ ነው።"

"ጫማ ነው አልኩህ እኮ!"

"ወላሂ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"ተረቱን ለራስህ አስቀምጠው፤ ሰፊ ጫማ አለህ የለህም?"

ቆዳው ለስላሳ የሆነ ነጠላ ጫማ ሰጠኝ። ሰዎች ከፎቅ እስከ ምድር በሚጋፉበት በዚያ መንገድ ማታቱ እስካገኝ ደህና አድርጌ ተራመድኩ። መስመር ይላል ደግሞ። እሱ ምን ያውቃል።

እሑድ ማታ እንዲያ አምሮ ነበር እኮ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

ክሊኒክ። ሲስተር ንጄሪ ካልሲዬን ሳወልቅ አፏን ያዘች። ከየት መጣ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ጫማ አልኳት። ጴጥሮስ እንኳን ሦስተኛው ላይ ዶሮ ጮኾለታል፤ እኔን የሚያነቃኝ ጠፋ።

ትእዛዝ፦ መራመድ ቀረ። እግር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ፋሻ በየቀኑ ይለወጥ። ሰኞና ሐሙስ ልታየኝ። "አያመኝም እኮ" ብላት "ችግሩ እሱ ነው" አለችኝ።

መራመዱን ልወደው ስጀምር ነጠቁኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 3

እግሬን በጨው ውሃ ልዘፈዝፍ ፈለግኩ። ጨው ቁስል ያደርቃል፤ አባቴም ሲቆስል እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ለነርሷ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ሐሊናን ሙቅ ውሃ አምጪልኝ አልኳት። ቀዝቃዛ አመጣች። እጄን የሚያደነዝዝ!

"ሙቅ አላልኩም?"

"እንደሱ ይሻላል።"

"ማን ነው የሚሻለውን የሚያውቀው? አሙቂው!"

"አልችልም፣ ሆምወርክ አለኝ" ብላ በሩን ዘግታ ገባች። ሹራቧን እስከ ጣቶቿ ስባ ነው የምትሄደው፤ በዚህ ሙቀት! ራሴ አሙቄ ዘፈዘፍኩ። ያን ጊዜ ጉልበቴን የሳመችው ልጅ ናት እንግዲህ። አንድ ምሽት ብቻ ነበረች። እኔ ነኝ ሞኙ፣ አንዱን ምሽት ዘላለም ያደረግኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ዝናቡ ጀመረ። የመጋዘኑ በር ላይ ውሃ ተኝቷል። ፋሻው ላይ የላስቲክ ከረጢት አስሬ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ከካርቶኖቹ ጀርባ ሁለት ጫኞች ሲያወሩ ሰማኋቸው። "ምዜው እያነከሰ ነው" አለ አንዱ። "ዘንድሮን አይጨርስም" አለ ሌላው። ለእነሱ ሽማግሌው ምዜ እኔ ነኝ። ወጥቼ ሳላነክስ በፊታቸው አለፍኩ። እንዴት አድርጌ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማታ ዘፈዘፍኩ። ጠዋትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

ሲስተር ንጄሪ ግራ ገብቷታል። "ይሄ ቁስል እኔ እንዳዘዝኩት ቢያዝ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። እየነከርከው ነው?" አለችኝ። "ኧረ በጭራሽ" አልኳት። በእንግሊዝኛው ደብተር ላይ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ ብዬ ጽፌያለሁ።

እህተማርያም ደወለች። እናቷ በምርኩዝ ቆመዋል፤ ለፋሲካ ትደርሳለች። "እግርህ እንዴት ነው?" አለች። "ያንቺ ልጅ እንዳጠበችው ነው" አልኳት። ዞሬ ስመለከት ሐሊና ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

የሥራ ቴርሞሜትሬን ከቦርሳዬ አጥቼ ቤቱን ሳተራምስ ነበር። ወጥ ቤት፣ ማንቆርቆሪያው አጠገብ አገኘሁት። "ምን ልትሠሪበት ነው?" ስላት "ፊዚክስ" አለችኝ። ዓይኔን አላየችኝም። ልጅቷ አንድ ነገር ይዟታል። ወንድ ይሆን? እናቷ ስትመጣ ምን ብዬ ነው የማስረክባት?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

አንቀጠቀጠኝ። ብርድ ልብስ ደራረብኩ።

ቁስሉ ይሸታል። አበባው ነው ብዬ ነበር፤ የበሰበሰ ግንድ ይሸታል አንዳንዴ። ሥራ ላይ አይደለሁም ግን። ቤት ነኝ።

አያመኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምጽፈው። መድኃኒቱ በደም ሥሬ እየገባ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ለስለስ ብሎ ይናገራል። ትንሿ ጣት ሞታለች አለኝ። መርዙ ወደ ላይ ከወጣ ግን እግሩ ራሱ ከቁርጭምጭሚት ሊሄድ ይችላል፤ በዚህ ሳምንት ይታወቃል። እኔ እግር የሌለው የመጋዘን ኃላፊ ልሆን! እህተማርያም ከአውሮፕላን ወርዳ እንዲህ ልታገኘኝ!

ሲስተር ንጄሪ ልታየኝ መጣች። ያኔ ተሸነፍኩ። የጨው ውሃውን ነገርኳት። የቅበላውን ነገርኳት። ጮኻ የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ የአልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ያህል ይሞቅ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?"

ለአንድ ካርቶን አበባ መርፌ እሰካለሁ። ለራሴ ሥጋ መርፌው ይቅርና ጣቴን እንኳን ሳልነክር "ጨምሪ" አልኩ።

"ማን ነው ያፈሰሰው?"

"እኔ ራሴ" አልኳት። ይሄን ውሸት አልመልሰውም። ሐሊና ኮሪደሩ ላይ ሹራቤን ይዛ ቆማ ነበር፤ አልሰማችም መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 26

ጠዋት ትንሿ ጣት ሄደች። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን በደንብ የተያየነው አንድ ጠዋት ነው፣ ያኔ በመስታወት። በነጋታው ልያት እያልኩ በእሷ ላይ ስንት ቀን ዘለልኩ።

እግሩ ይተርፍ ይሆናል አሉኝ። "ይሆናል" የሚለው ቃል አያስተኛም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 30

ቤት ገባሁ። ኑሬ በሰው መኪና አመጣኝ። መስመሩን አላነሳብኝም፣ እግዜር ይስጠው። ለግራው አፉ የሚከፈት ሰፊ ጫማ አሠርቶልኛል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ "ልጅቷን እያት" አለኝ።

ምን ማለቱ ነው? አያታለሁ እኮ። በየቀኑ አያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3

አሁን የምሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እግሬን ማየት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይበሉኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርጩማዬን ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አደርጋለሁ። ፀሐይ ከጎረቤት የውሃ ጋን ጀርባ ወጥታ ጉልበቴ ላይ የምታርፈው ያን ሰዓት ነው። እጄን እታጠባለሁ። የድሮውን ፋሻ ቀስ ብዬ እፈታለሁ። ጠርዙን አያለሁ፤ ሐምራዊ መጥፎ፣ ቢጫ መጥፎ፣ ሮዝ ጥሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሮዝ ሳይ ኖሬ ሮዝ ቀለም እንዲህ የሚያስለምን መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ቀኙን። ከዚያ በጣቶቹ መሃል፣ አንድ በአንድ፣ ዘጠኙንም።

መጀመሪያ ቀን ላይ ቶሎ ልጨርስ ስል ፋሻው ተወሳሰበብኝ። ዛሬ አልቸኮልኩም። የሆነ ጊዜ ላይ የካርጎው አውሮፕላን ሲነሳ ሰማሁ፤ የኛ አበባ ያለበት ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ሄደ። ያለ እኔም ሄደ። አላናደደኝም፣ ይገርማል። ሻዬን ፉት አልኩ። ያለ ስኳር ለካ ሻይ የሄል ጣዕም አለው! ይሄን ሁሉ ዓመት ስኳር ነበር የምጠጣው።

ይሄ ግማሽ ሰዓት ጸሎት ነው አልልም፣ ድፍረት ይሆንብኛል። ግን ጸሎት ላይ ስቆም እንኳን ልቤ መጋዘን ነበር የሚውለው። እዚህ በርጩማ ላይ ልቤ እግሬ ዘንድ ነው። ለአበባ ያልነፈግኩትን ዓይን ለራሴ ነፍጌ ኖሬያለሁ፤ ያሳፍራል። ቢሆንም ደስ ይላል። ሁለቱም ባንድ ላይ።

ከሰዓት በኋላ ግን ያው ነኝ። እህተማርያም ልትመጣ አሥር ቀን አልቀራትም። ምን እላታለሁ?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት ፋሻዬን እየፈታሁ ሐሊና መጣችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የፊዚክስ ደብተሯን ይዛለች። ከፍታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል ማንቆርቆሪያ፣ በሌላ በኩል ሳፋ፣ ከሥሩ ቁጥር። ገጹ ሙሉ ነው። አራት ገጽ።

"ሃምሳ ስምንት ነበር" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ውሃው። ያን ቀን። መጀመሪያ የነበረውን፣ ከዛ የጨመርኩትን... ያንኑ ሳፋ፣ ያንኑ ማንቆርቆሪያ። አይ ሜዠርድ ኢት፣ ለካሁት አባዬ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ሁሌ ሃምሳ ስምንት አካባቢ ነው የሚመጣው።"

ሹራቧን ሰበሰበችው። ሦስት ጣቶቿ ጫፍ ላይ አዲስ ቆዳ ወጥቶባቸዋል። ስድስት ሳምንት ሙሉ አብሬያት ስበላ!

"እኔን አቃጥሎኛል። አንተ ግን ጨምሪ አልክ። አባቶች አይሰማቸውም ብዬ አሰብኩ" አለች። ከዚያ ለቅሶዋ ገነፈለ። "ጣትህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጫማ ስትል እሰማለሁ። ለሲስተር እኔ ራሴ አፈሰስኩት ስትልም ሰማሁ። ለምን ዋሸህ? ስትዋሽ የባሰ ነው የሆነብኝ! ለማን ልንገር?"

እኔ የማጽናናት ቃል የለኝም፣ ድሮም የለኝም። እውነቱን ነገርኳት። "ያን ምሽት አውርተሽኛል። ጉልበቴን ስመሽኛል። እሱ ምሽት የተቃጠልኩበት ምሽት ተብሎ እንዲቀር አልፈለግኩም። ጣቴን የበላት ያንቺ ውሃ አይደለም። ሳይሰማኝ ይሰማኛል ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መዋሸቴ ነው፤ ጨው ውሃውም የኔ ነው። ቀዝቃዛውን ስታመጪልኝ ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ አንቺ ነበርሽ ሐኪሜ።"

አፍንጫዋን በሹራቧ ጠረገች። እናቷ ብታይ ትቆጣ ነበር። ከዚያ ንጹሑን ፋሻ አንስታ "እንዴት ነው የሚታሰረው?" አለች። አሳየኋት። አጥብቃ አሰረችው፤ አስፈታኋት። እንደገና አሰረች።

ማምሻውን ደሴ ደወልን። ለእህተማርያም ሁለታችንም እየተቀባበልን ነገርናት። መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ እኔን ሰደበችኝ። መሰደቤ እንዴት እንዳሳረፈኝ!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ቀዶ ሐኪሙ አየኝ። "ይሆናል" የሚለውን ቃል ዛሬ አልተናገረም። እግሩ ተርፏል። በፋሲካ ማግስት ቀስ ብዬ አምስት ደቂቃ መራመድ እጀምራለሁ። አምስት ደቂቃ! ልጅ ሆኜ ለዓመት በዓል ልብስ የጓጓሁትን ያህል ጓጓሁ።

ሲስተር ንጄሪ ክሯን አውጥታ ቀኙን ፈተነችው። ከአሥር ሁለቱን አልሰማሁም። ድሮ ከአሥር አሥር ነበርኩ። እሱም መክዳት ጀምሯል እንግዲህ። በሁለቱም ደብተር ላይ እውነተኛውን ጻፍኩት፤ ስምንት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12። ጸሎተ ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ። ሐሊና ተሰልፋ ታጠበች። ተመልሳ ስትመጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀኝ እግሬን አየች። ምን እንዳሰበች አውቄያለሁ።

ቤት ስንገባ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሳፋውን አመጣች። ያንኑ ሳፋ። መጣሉን ፈልጌ ነበር፤ እሷ ደብቃ አስቀምጣዋለች። ግራዬ በፋሻው ውስጥ ትራስ ላይ ነው፣ ውሃ አይነካውም። ቀኙን ብቻ ነው።

ተንበረከከች። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን አደረገች፣ ከዚያ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ። እግሬን አንስታ ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ አኖረችውና ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሞቃል?"

ደህና ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ለሁሉም ነገር ደህና ነው ስል ኖሬያለሁ። የሆነ ነገር የሚሰማኝ ይመስለኛል፣ ግን ውሃው ይሁን ምኞቴ ይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

"አላውቅም" አልኳት። "አንቺ ንገሪኝ።"

መርፌውን ነከረች። ጠበቅን። "ሠላሳ ስድስት" አለች። "ለብ ያለ ነው፣ አባዬ።"

ቴርሞሜትሩን አወጣችው። ከዚያ እጇን ከእግሬ ጎን ከተተችው፤ አዲስ ቆዳ ያወጡትን ሦስቱን ጣቶቿን ጭምር። ውሃው እስኪበርድ ድረስ አላወጣቻቸውም።